ጥለት ለግድግዳ፦ ሳሎንን በሞልዲንግ ፍሬም ማስዋብ

ነጠላ ላይ ጥለቱ ዳር ላይ ነው። መሃሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዓይናችን ግን ዳሩን ይዞ ጨርቁን ሙሉ አድርጎ ያየዋል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሞልዲንግ የሚባል የጌጥ ዘንግም ሥራው ይኸው ነው። ባዶውን አይሸፍንም፤ ዳር ያበጅለታል። ከግድግዳው አንድ ወይም ሁለት ሳንቲም ወጣ ስለሚል ቀጭን ጥላ ይጥላል። ግድግዳውን የሚያሳምረው ያ ጥላ ነው። የአክሱም ሐውልቶች ላይ የተጠረቡትን በርና መስኮት አስቡ። ከድንጋዩ ትንሽ ገባ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። ፀሐይ ሲያርፍባቸው ግን ወጥ ድንጋዩ ፎቅ ቤት ይመስላል።

እዚህ የምጽፈው በብሎኬት በተሠራና በተለሰነ ቤት ውስጥ፣ በሳሎን ዋና ግድግዳ ላይ፣ ሦስት ረጃጅም ፍሬሞችን በራሳችሁ እጅ እንዴት እንደምትሠሩ ነው። አንድ አጋዥ ሰው ካላችሁ ይበቃል። አንድ ቅዳሜ ለመቁረጥና ለመለጠፍ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ለመድፈንና ለመቀባት ይሄዳል።

ከግድግዳው ለምን ጀመርኩ? ብዙዎቻችን ቤት እናሳምር ስንል መጀመሪያ የሚታየን ጣሪያው ነው። ጂፕሰም ደረጃ በደረጃ ይሠራል፣ መሃሉ ላይ ክብ ይወጣለታል፣ ዙሪያውን መብራት ይገባበታል። ጣሪያው ከፍ ባለ ቤት ያምራል። 2.60 ሜትር ከፍታ ባለው ሳሎን ውስጥ ግን 15 ሳንቲም ዝቅ ሲል ክፍሉ ይጫናል፤ የገባ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። እንዲህ ባለ ቤት ጣሪያውን ተዉት እላለሁ። ቆም ያለ ፍሬም ግድግዳ ላይ አድርጉ። ዓይን መስመሩን ተከትሎ ወደ ላይ ስለሚሄድ ጣሪያው ከፍ ያለ ይመስላል።

ምን ዓይነት ልግዛ?

ፎም፣ ጂፕሰም፣ እንጨት ወይም ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ)፣ እና ፒቪሲ (ፕላስቲክ) ታገኛላችሁ። ጂፕሰም ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ በቀላሉ ይሰበራል፣ እርጥበትም አይወድም። ለባለሙያ ተዉት። ኤምዲኤፍ ደረቅ ክፍል ውስጥ ጥሩ ነው፤ ውሃ ከነካው ግን ያብጣል፣ ካበጠ በኋላም አይመለስም። ፒቪሲ ለኩሽና ይሆናል።

ለመጀመሪያ ሥራ ፎም ይሻላል። ቀላል ስለሆነ ሙጫ ብቻውን ይይዘዋል። መሰርሰርም ሆነ ሚስማር አያስፈልገውም። ግን ፎም ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ እንደምናገኘው ትናንሽ ኳስ ኳስ የሚል ነው። ሲቆረጥ ይፈረፈራል፤ ቀለም ሲቀባም ኳሶቹ ይታያሉ። ሌላኛው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሱቅ ውስጥ ጀርባውን በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ወዲያው ጎድጎድ ካለ ተዉት። ጠንከር ካለ ውሰዱ። ለፍሬም ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲም፣ ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሳንቲም የሆነው ይበቃል። አበባና ቅጠል የበዛበትን ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች ያሉትን ምረጡ። ጥግ ላይ ሲገጣጠም አበባው ከአበባው እንዲገናኝ ማድረግ ከባድ ነው። አቧራም ይይዛል።

ስለ ፎም አንድ ከባድ ነገር አለ። እሳት አይወድም። ቡና በከሰል የምታፈሉ ከሆነ ማንደጃው ከሚቀመጥበት አጠገብ ፎም አትለጥፉ። የሻማ ቦታም እንደዚሁ። እዚያ ግድግዳው ባዶውን ይቅር።

ግድግዳውን መመርመር

መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ ጫን አድርጋችሁ እሹት። ነጭ ብናኝ መዳፋችሁ ላይ ከቀረ ሙጫው አይዝም። ይህን የምለው ደርሶብኝ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያ ፍሬሜን ከለጠፍኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌሊት ወደቀ። ጀርባውን ሳየው ሙጫው በቀለም ተሸፍኗል። ሙጫው ጥሩ ነበር፤ የያዘው ግን ግድግዳውን ሳይሆን የላዩን ብናኝ ቀለም ነው። እንዲህ ያለውን ግድግዳ ፍቁት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ሲደርቅ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መያዣ) ቀቡት። በዘይት ቀለም የተቀባና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ሞልዲንጉ የሚያርፍበትን መስመር ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርጉት።

ቀጥሎ እርጥበት። ግድግዳው ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚዋሰን ከሆነ፣ ወይም ቀለሙ እዚህም እዚያም ያበጠ ከሆነ፣ አንድ ክንድ የሚያህል ፌስታል አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉበት። በማግስቱ አንሱት። ከሥሩ ጠል ካገኛችሁ ግድግዳው ውስጥ ውሃ አለ። መጀመሪያ የሚፈሰው ቧንቧ ይሠራ።

ብዙ ቤተሰብ ቤቱን የሚቀባው ለእንቁጣጣሽ ነው። ልማዱ ደስ ይላል። ነገር ግን ነሐሴ ላይ ግድግዳው እርጥብ ነው፤ ሙጫም ስቱኮም (ስንጥቅ መድፈኛ ሊጥ) ቀለምም ለመድረቅ ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ። ምርጫ ካላችሁ ሞልዲንጉን ለጥቅምትና ለኅዳር አቆዩት። ለበዓል ካልደረሰ አይሆንም ካላችሁ ግን ሰኔ ሳይገባ ጨርሱት።

መለካት፦ ዋናው ሥራ ይህ ነው

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። መለጠፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የተሳሳተ ልኬት ግን ዕድሜ ልክ ከፊታችሁ ይቆማል።

ወረቀት ላይ ግድግዳውን ሣሉ። ወርዱን፣ ቁመቱን፣ የዞኮሎውን (ከግድግዳው ግርጌ ወለሉን ተከትሎ የሚሄደውን ጠርዝ) ከፍታ፣ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ያለበትን ቦታ፣ የሶፋውን ከፍታ ሁሉ ጻፉ። ምሳሌ ልስጥ። ግድግዳው 4.20 ሜትር ወርድና 2.60 ሜትር ቁመት አለው። ዞኮሎው 10 ሳንቲም ነው። ሦስት ፍሬም እንፈልጋለን።

ሦስት ፍሬም ካለ ክፍተቱ አራት ነው፤ በሁለቱ ዳርና በመሃል በመሃል። ክፍተቱን 12 ሳንቲም ብናደርገው አራቱ 48 ሳንቲም ይሆናሉ። ከ420 ላይ 48 ሲቀነስ 372፣ ለሦስት ሲካፈል 124። እያንዳንዱ ፍሬም 124 ሳንቲም ወርድ ይኖረዋል ማለት ነው። ጥሩ ይመስላል። ግን አንድ ዘንግ ሞልዲንግ 2.40 ሜትር ቢሆንስ? ከአንዱ ዘንግ 124 ሁለቴ አይወጣም፤ 248 ያስፈልጋልና። ስለዚህ ለስድስቱ አግድም ቁራጮች ስድስት ዘንግ፣ ለስድስቱ ቋሚዎች ሌላ ስድስት ዘንግ፣ በድምሩ 12 ዘንግ ትገዛላችሁ።

አሁን ክፍተቱን 16 ሳንቲም አድርጉት። አራቱ 64 ይሆናሉ። ቀሪው 356 ለሦስት ሲካፈል 118 ሳንቲም ተኩል ያህል ነው። ከአንድ ዘንግ ሁለት ቁራጭ ወጣ። አግድሞቹ በሦስት ዘንግ አለቁ፤ ጠቅላላው 9 ዘንግ ሆነ። አራት ሳንቲም ክፍተት በመጨመር ሦስት ዘንግ ተረፈ፤ መልኩም አልተበላሸ። ለዚህ ነው ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የዘንጉን ርዝመት ጠይቁ የምለው። ሻጩ ጠቅላላ ሜትሩን ደምሮ ለዘንጉ ርዝመት ቢያካፍልላችሁ አትመኑት። እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው ዘንግ እንደሚወጣ ራሳችሁ ወረቀት ላይ ሣሉት። ለስህተት አንድ ዘንግ ጨምሩ።

ለቁመቱም ያንኑ 16 ሳንቲም ከዞኮሎው በላይና ከጣሪያው በታች ተዉ። 260 ሲቀነስ 10፣ ሲቀነስ 32፣ 218 ሳንቲም ይሆናል። ፍሬማችን 118.5 በ218 ነው።

ግድግዳው ላይ በር ወይም መስኮት ካለ ሦስቱ ፍሬሞች እኩል አይሆኑም። ግድ የለም። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ይሁን። ክፍተቱ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን። ዓይን የፍሬሙን ወርድ አይለካም፤ ክፍተቱ ሲለያይ ግን ወዲያው ያውቃል። ሶኬት ደግሞ ወይ ሙሉ በሙሉ ከፍሬሙ ውስጥ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ውጭ ይሁን። መስመሩ ሶኬቱን የሚቆርጠው ከሆነ ክፍተቱን ትንሽ አስተካክሉና እንደገና አስሉ።

ልኬቱ ሲያልቅ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ግዙና ፍሬሞቹን በፕላስተሩ ግድግዳው ላይ ሥሩ። ሁለት ቀን ተዉት። ጠዋት እዩት። ማታ መብራት ሲበራ እዩት። ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ እዩት። በሩ ላይ ቆማችሁ እንደ እንግዳ እዩት። የቤቱን ሰው ሁሉ ጠይቁ። አብዛኛው ማስተካከያ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ፕላስተር አንስቶ መለጠፍ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

መቁረጥ

ጥጉ የሚገጥመው ሁለቱም ቁራጮች በ45 ዲግሪ ሲቆረጡ ነው። ለዚህ የሚሆን ባለ 45 ዲግሪ ስንጥቅ ያለው የመቁረጫ ሳጥን የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ታገኛላችሁ። ከሌለ አናጢ በሦስት ቁራጭ ጣውላ ይሠራላችኋል። መጋዙ ጥርሱ ደቃቅ ይሁን፤ የብረት መጋዝ ጥሩ ይቆርጣል። ፎሙን በካተር ለመቁረጥ አትሞክሩ። ምላጩ ይታጠፍና ጠርዙ ይጣመማል።

1. መጀመሪያ ሁለት አጫጭር ቁራጭ ቆርጣችሁ አገጣጥሙ። ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማረጋገጫ) አስገቡበት። ጥጉ ካልገጠመ ሳጥኑ ትክክል አይደለም ማለት ነው። ዋናውን ዘንግ ሳትነኩ ይህን እወቁ።

2. የሞልዲንጉን የትኛው ጎን ወደ ውጭ፣ የትኛው ወደ ውስጥ እንደሚሆን ወስኑ። በእያንዳንዱ ዘንግ ጀርባ ላይ "ውጭ" ብላችሁ በእርሳስ ጻፉ። ብዙ ዘንግ የሚበላሸው ጎኑ ተገልብጦ ሲቆረጥ ነው።

3. ልኬቱን የምትይዙት በውጭ በኩል ባለው ረጅም ጠርዝ ነው። 118.5 ያልነው እሱን ነው።

4. አንዱን አግድም በትክክል ቁረጡና ለሌሎቹ አምስቱ መለኪያ አድርጉት። በየጊዜው በሜትር አትለኩ። ቋሚዎቹንም እንዲሁ። ተቃራኒ ጎኖች በሁለት ሚሊሜትር እንኳ ከተለያዩ ጥጉ ይከፈታል።

5. አራቱን ቁራጭ ወለል ላይ አገጣጥሙና ከጥግ ጥግ ለኩ። በእኛ ምሳሌ ሁለቱም ሰያፍ 248 ሳንቲም ያህል መሆን አለባቸው። ዋናው ነገር ሁለቱ እኩል መሆናቸው ነው።

መለጠፍ

ስለ ሙጫ ልጠንቀቅ። የጫማ ማስቲሽ ወይም ሌላ የሚሸት፣ ቲነር ያለው ሙጫ ፎምን ይበላዋል። ሲቀባ የያዘ ይመስላል፤ ከዚያ ሥሩ ቀልጦ ይሰረጎዳል። ለፎም ተብሎ የተሠራ፣ ውኃ ላይ የተመሠረተ ሙጫ ግዙ። በካርቶሪጅ የሚሸጠው ለአያያዝ ይመቻል። ሞልዲንጋችሁ እንጨት ከሆነ ቪናቪል (ነጭ የእንጨት ሙጫ) ጥጎቹን ያያይዛል፤ ግድግዳው ላይ ግን ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ የፕላስቲክ ቁራጭ) እና ብሎን ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በላይና በታች ቀጥታ አትሰርስሩ። ሽቦው ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው በዚያ መስመር ነው።

የላይኛውን መስመር በውሃ ልክ አስምሩ። ግድግዳው ረጅም ከሆነ ግንበኞች የሚይዙት ውሃ የተሞላ ግልጽ ላስቲክ እውነቱን ይናገራል። ጣሪያው ራሱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ፤ ብዙ ቤት እንዲሁ ነው። ፍሬሞቹን በውሃ ልኩ አስተካክሉ፤ ጣሪያውን አትከተሉ። ከላይ ያለው ክፍተት 16 ሳንቲም ያህል ሰፊ ስለሆነ የአንድ ሳንቲም መዛነፍ አይታይም። ክፍተቱ 5 ሳንቲም ቢሆን ኖሮ ይታይ ነበር።

ሙጫውን በጀርባው ላይ በጥምዝምዝ አድርጉ፣ ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲም ገባ ብሎ። የተቆረጠው ጥግ ላይም ትንሽ ነካ አድርጉ። መጀመሪያ የላይኛውን አግድም፣ ቀጥሎ ሁለቱን ቋሚዎች፣ መጨረሻ ላይ የታችኛውን ለጥፉ። ቋሚውን በቱንቢ አረጋግጡ። እያንዳንዱን ለግማሽ ደቂቃ በመዳፍ ያዙት፤ በጣት አትጫኑ፣ ምልክቱ ይቀራል። በየ40 ሳንቲሙ የወረቀት ፕላስተር ደግፉት። ወጣ ያለውን ሙጫ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን አትንኩት። ልጆች ካሉ ለዚያች ቀን ኳሱን ደብቁ።

መድፈን

ጥጎቹ ላይ ቀጭን ክፍተት መኖሩ አይቀርም። በስቱኮ ሙሉት፤ ሲደርቅ ባለ 220 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጉበት። ሞልዲንጉ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ደግሞ ቀለም በሚቀበል አክሪሊክ መድፈኛ ዝጉ። በቀጭኑ አፍሱና በእርጥብ ጣት አንዴ ብቻ ሳቡት። እዚህ ላይ ሲሊከን እንዳትጠቀሙ። ሲሊከን ቀለም አይቀበልም፤ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ማንሳቱም መከራ ነው።

ይህን መስመር ብዙ ሰው ይዘለዋል። በእኔ እምነት ቤት ውስጥ በተሠራና በባለሙያ በተሠራ ሞልዲንግ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ነው። ያልተደፈነ ሞልዲንግ የተለጠፈ ይመስላል። የተደፈነ ግን ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ይመስላል።

ከመቀባታችሁ በፊት ማታ መብራቱን አጥፉና የስልክ ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ በጎን አብሩ። ጉድጓዱም ጉብታውም ሁሉ ጥላ ጥሎ ይታያል። በእርሳስ ምልክት አድርጉበትና ጠዋት አስተካክሉ።

መቀባት

ውሃ የሚበጠብጠው ፕላስቲክ ቀለም ተጠቀሙ። በቲነር የሚበጠበጥ ቀለምና ስፕሬይ ፎሙን ያበላሹታል። መጀመሪያ ሞልዲንጉን በትንሽ ብሩሽ፣ ከዚያ ውስጡንና ውጭውን በሩሎ። ሁለት ዙር።

ቀለሙስ? ለትንሽ ሳሎን ሞልዲንጉና ግድግዳው አንድ ዓይነት ቀለም ይሁኑ ባይ ነኝ። ግድግዳውን ክሬም ቀብቶ ፍሬሙን ነጭ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ሰፊ ክፍል ላይ ያምራልም። በጠባብ ክፍል ግን ነጩ መስመር ግድግዳውን ይቆራርጠዋል። አንድ ቀለም ሲሆን የሚታየው ጥላው ብቻ ነው። ጠዋት በመስኮት የሚገባው ብርሃን በአንድ በኩል፣ ማታ አምፖሉ በሌላ በኩል ጥላውን ይጥለዋል። ግድግዳው ከሰዓት ሰዓት ይለወጣል። ወርቃማ ቀለም መስመሩ ላይ የመጨመር ፍላጎት ካደረባችሁ ከሦስቱ ፍሬሞች በመሃለኛው ላይ ብቻ ሞክሩት፣ እሱንም ቀጭን።

ስለ ሌሎቹ ቦታዎች

የጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ጥግ የሚሄድ ሞልዲንግም አለ። ሱቅ ስትሄዱ ስሙ ሊያምታታ ይችላል። ኮርኒስ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ትርጉሙ ጠርዝ ወይም ፍሬም ነው። እኛ ጋ ግን ኮርኒስ ጠቅላላ ጣሪያው ሆኗል። ስለዚህ "የጥግ ሞልዲንግ" ብላችሁ በእጃችሁ አሳዩ። ለ2.60 ሜትር ክፍል ከ7 እስከ 10 ሳንቲም ስፋት ይበቃል። ሳጥኑ ውስጥ የሚቆረጠው ተገልብጦ ነው፤ ጣሪያውን የሚነካው ጠርዝ የሳጥኑ ወለል ላይ ይረፍ። ሁለቱንም ለመሥራት ካሰባችሁ የጣሪያውን ጠርዝ አስቀድሙ፤ የግድግዳው ልኬት ከእሱ በታች ይጀምራል።

መኝታ ቤት ከአልጋው ራስጌ አንድ ሰፊ ፍሬም ይበቃል፤ ወርዱ ከአልጋው በሁለቱም ጎን ትንሽ ይለፍ። ኮሪደር ላይ አንድ ዓይነት ፍሬም እየደጋገሙ መሥራት ደስ ይላል። ዞኮሎው የሴራሚክ ከሆነ እንዳለ ተዉት።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ግን መጀመሪያ አከራዩን አነጋግሩ። ለማንሳት ቀን ከመጣ በጉልበት አትጎትቱት፤ ልስኑ አብሮ ይነሳል። የቀለሙንና የመድፈኛውን መስመር በካተር ዙሪያውን ቅደዱ። ከዚያ ጠንካራ የናይሎን ክር ከሞልዲንጉ ጀርባ አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሳቡት፤ ሙጫውን እየቆረጠ ይወርዳል። የቀረውን ሙጫ በስፓቱላ ፍቁ፣ በስቱኮ ሙሉና ቀቡ። ከቀለሙ ግማሽ ሊትርና ከሞልዲንጉ አንድ ሜትር ያህል ቁራጭ ከአሁኑ አስቀምጡ፤ ሶፋ ሲገፋ የተሰረጎደ ጥግ ለመጠገን ይሆናል።